ሳናውቀው ስለምንፈርደው ፍርድ

ከአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ



የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «ዘንድሮ ምን ትጽፊልናለሽ?» ብለው በጠየቁኝ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ትጋት ወይም ስለ ጊዜ አጠቃቀም ጥቂት ምክር ለማቅረብ ነበር። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ለመጻፍ ቀላል ነው፤ ጸሐፊውን አያሳፍረውምና። ነገር ግን ብዕሬን ባነሣሁ ቍጥር አንድ ነገር ከፊቴ እየመጣ ይደቀንብኝ ጀመር። ይኸውም ባለፈው ዓመት፥ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፥ በገዛ እጄ ያደረግሁት ነገር ነው። እርሱን ደብቄ ሌላውን ብመክር «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» መባሌ ስለማይቀር፥ አስቀድሜ የራሴን ድስት ላውርድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የክፍላችን አለቃ ነበርሁ። በኅዳር ወር የአንዲት የክፍላችን ልጅ አባት ስላረፉ ልቅሶ ልንደርስ ተስማምተን፥ 62 ተማሪዎች እያንዳንዳችን 20 ብር አዋጣን። ጠቅላላው 1,240 ብር በአንድ ፖስታ ተደርጎ በእኔ እጅ ተቀመጠ። ከዕረፍት ተመልሰን ስንገባ ግን ፖስታው ከዴስኬ ውስጥ የለም። ደብተሮቼን አገላበጥሁ፤ ከዴስኩ ሥር ጐንበስ ብዬ ፈለግሁ፤ የለም። መምህራችን ነገሩን በሰሙ ጊዜ ሳይቈጡ፥ «ማንንም ሳትለዪ፥ ከፊተኛው ረድፍ ጀምረሽ በተራ የሁሉንም ቦርሳ ተመልከቺ» አሉኝ።

እኔ ግን የፊተኛውን ረድፍ አልፌ ሄድሁ። ሁለተኛውንም፥ ሦስተኛውንም አለፍሁ። በአራተኛው ረድፍ በመስኮቱ በኩል ከተቀመጠ አንድ ልጅ ፊት ደርሼ ቆምሁና እጄን ወደ ቦርሳው ዘረጋሁ። እውነቱን ለመናገር «ይህ ልጅ ሌባ ነው» ብዬ በልቤ አላሰብሁም። እንዲያውም ምንም አላሰብሁም። ከአሳቤ እጄ ቀደመች።

የልጁን ስም አልጽፍም፤ ይህን ጽሑፍ ግን ከማንም አስቀድሞ አንብቦ እንዲታተም ፈቅዶልኛል። ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣው በዘጠነኛ ክፍል ከገጠር ነው። እናቱ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በገበያው ዳር ጀበናና ድስት፥ ምጣድና እንስራ ደርድረው ይሸጣሉ። ይህንን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ስለዚህ ነገር በክፍላችን ውስጥ አንድም ቀን ክፉ ቃል ሲነገር አልሰማሁም።

ልጁ ተነሥቶ ቆመና እኔ ሳልነካው ቦርሳውን ራሱ ከፈተው። ደብተሮቹን አንድ ባንድ እያወጣ በዴስኩ ላይ ደረደራቸው፤ በመጨረሻም በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ አወጣ። ከዚያ በኋላ ባዶውን ቦርሳ ገልብጦ አራገፈና፥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጨረስሽ?» አለኝ። በክፍሉ ውስጥ ትንፋሽ አይሰማም ነበር።

ፖስታው የተገኘው ከመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ከነበረው የስም መጥሪያ መዝገብ ውስጥ ነው። ያስቀመጥሁትም እኔው ነኝ፤ ወደ ዕረፍት ስወጣ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ከመዝገቡ ቅጠሎች መካከል ከትቼው ኖሮ ፈጽሞ ረሳሁት። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» የተባለው ለእንደኔ ያለው ነው። ልጆቹ ሣቁ፤ መምህራችንም ፈገግ አሉና ትምህርቱ ቀጠለ። ማንም ማንንም አልወቀሰም። የሆነውን ነገር ያየነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ እኔና እርሱ።

በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስንወጣ ጠብቄ ይቅርታ ልጠይቀው ሞከርሁ። ንግግሩ ግን ከየት እንደሚጀመር ቸገረኝ፤ «ሌባ ስላልሁህ ይቅር በለኝ» እንዳልል፥ ሌባ አላልሁትም። እርሱ ችግሬ ስለገባው እንዲህ አለኝ፤ «ሌባ ብትዪኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ‹አይደለሁም› ብዬ እመልስልሽ ነበር። አሁን ግን ያላልሽውን ነገር እንዴት አድርጌ ላስተባብል?»

ይህ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተወኝም። ይህንን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እርሱ ነው።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ራሴን መረመርሁ። ይህንን ነገር ከማን ተማርሁት? ወላጆቼ «ሰው ሁሉ እኩል ነው» እያሉ ነው ያሳደጉኝ። በትምህርት ቤትም የተማርሁት ይህንኑ ነው። ማንም ሰው «የሸክላ ሠሪ ልጅ እመኚው አትመኚው» ብሎ የነገረኝ የለም። ታዲያ እጄ መንገዱን ከየት አወቀችው?

ወደ ኋላ እየተመለስሁ ስፈልግ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ስድስት ዓመት ያህል ሲሆነኝ ክረምቱን በገጠር ከአያቴ ዘንድ አሳልፌ ነበር። አያቴ ደግ ሴት ነበሩ፤ የተራበ ሳያበሉ ከደጃቸው አይመልሱም። አንድ ቀን አንዲት ሸክላ ሠሪ ምጣድ ተሸክመው መጡ። አያቴ ተከራክረው ገዙ፤ ተጫወቱ፤ ሣቁም። ነገር ግን ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞር ባሉ ጊዜ አያቴ ቀስ ብለው ሳብ አድርገው በነጠላቸው ሸፈኑኝ። ቡና ሲፈላም ለእንግዳዪቱ የተቀዳው ለብቻው ከሚቀመጥ፥ ከንፈሩ ከተሸረፈ ሲኒ ነበር። አያቴ ምንም አላሉም። እኔም ምንም አልጠየቅሁም። ነገር ግን ሕፃን የሚማረው ከሚነገረው ይልቅ ከሚያየው ነውና፥ ያን ቀን ትልቅ ትምህርት ተማርሁ። ከዚያ ወዲያ ረሳሁት፤ እጄ ግን አልረሳችውም።

የሚያስገርመው ደግሞ በማግሥቱ የበላሁት እንጀራ በዚያው ምጣድ ላይ የተጋገረ መሆኑ ነው።

ይህ የእኔ ቤት ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአገራችን ብረት ቀጥቅጦ ማረሻና ማጭድ የሚሠራው፥ ሸማ የሚሸምነው፥ ቆዳ የሚፋቀው፥ ሸክላ የምትሠራው ለብዙ ዘመን በሥራቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ ማረሻውን የሠራለትን ሰው ግን «ጠይብ» ብሎ ይንቀዋል፤ «ቡዳ ነው፥ ዓይኑ ይበላል» ብሎም ይሸሸዋል። በብዙ ሥፍራ እነዚህ ሰዎች መሬት አይኖራቸውም ነበር፤ ከእነርሱ ጋር መጋባትም እንደ ነውር ይቈጠር ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ ይህ ነገር አገርን እንደሚጐዳ ስለተረዱ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው፥ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በ25ኛው አንቀጽ ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል። እንግዲህ ከመጀመሪያው አዋጅ እስከ ዛሬ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ነገር ግን አዋጅ የሚከለክለው የሚሰማውንና የሚታየውን ነው። ምላሴ አዋጁን አክብራ ኖራለች፤ ማንንም ሰድባ አታውቅም። እጄ ግን አዋጁን ገና አልሰማችም ነበር።

እኔ «ሳናውቀው የምንፈርደው ፍርድ» የምለው ይህንን ነው። ጥላቻ አይደለም፤ የሚጠላ ሰው መጥላቱን ያውቃል። ይህ ግን በልባችን ጓዳ ተቀምጦ፥ እኛ ሳንጠራው እየወጣ፥ ስለ ሰው የሚፈርድልን አሳብ ነው። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይባል የለም? ይህም እንደዚሁ ነው፤ ባለቤቱ አያውቀውም፤ የሚያየው ሌላው ነው።

የሊቃውንት ምርምርም ይህንን ያስረዳል። በአሜሪካ አገር ኬኔትና ማሚ ክላርክ የተባሉ ባልና ሚስት፥ ሁለቱም ጥቁሮችና የሥነ ልቡና ምሁራን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1940ዎቹ ዓመታት አንድ ምርመራ አደረጉ። ከቀለማቸው በቀር በምንም የማይለያዩ 4 አሻንጉሊቶች አምጥተው፥ ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆናቸው ጥቁር ሕፃናት አሳዩአቸውና «የትኛዋ ጥሩ ናት? ከየትኛዋ ጋር መጫወት ትፈልጋላችሁ?» ብለው ጠየቁ። የሚበዙት ሕፃናት ነጭዋን መረጡ፤ «መጥፎዋስ?» ሲባሉ ብዙዎቹ ጥቁርዋን አሳዩ። «አንተን የምትመስለዋ የትኛዋ ናት?» በተባሉ ጊዜ ግን አንዳንዶቹ አለቀሱ። የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1954 ነጭና ጥቁር ተማሪዎችን በሕግ ለይቶ ማስተማር ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይስማማ ሲፈርድ ከጠቀሳቸው ጥናቶች አንዱ ይህ ነው። ልብ በሉ፤ እነዚያ ሕፃናት የፈረዱት በራሳቸው ላይ ነው። እንግዲህ ይህ ፍርድ በበዳዩ ልብ ብቻ ሳይሆን በተበዳዩም ልብ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል ማለት ነው።

ሁለተኛ ምሳሌ ልጨምር። በዚያው አገር ማሪያን ቤርትራንድና ሴንድሂል ሙላይናታን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ምሁራን፥ በቦስተንና በሺካጎ ጋዜጦች ላይ ሠራተኛ እንደሚፈልጉ ላስታወቁ መሥሪያ ቤቶች ወደ 5,000 የሚጠጉ የሥራ ማመልከቻዎች ላኩ። በማመልከቻዎቹ ላይ የተጻፈው ትምህርትና ልምድ ተመጣጣኝ ነበር፤ የተለየው ስሙ ነው። እኩሌቶቹ በነጮች ዘንድ የተለመደ ስም፥ እኩሌቶቹ በጥቁሮች ዘንድ የተለመደ ስም ነበራቸው። በ2004 በታተመው ውጤት መሠረት የነጭ ስም ያለው ሰው አንድ ጊዜ ለመጠራት 10 ማመልከቻ ሲበቃው፥ የጥቁር ስም ያለው 15 ያስፈልገው ነበር። እነዚያን አሠሪዎች ጠርተን «በቀለም ትለያላችሁን?» ብንላቸው የሚበዙት «እኛ? በጭራሽ!» የሚሉን ይመስለኛል። ብዙዎቹም የሚዋሹ አይመስለኝም። እኔንም በኅዳር ወር ብትጠይቁኝ የምመልሰው ይህንኑ ነበር።

አሁን ደግሞ ከሩቅ አገር ወደ ክፍላችን እንመለስ።

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ በቡድን ስንሠራ፥ መሣሪያውን የሚይዘው ማን ነው? ወንዶቹ። የሚታየውን በደብተር የሚመዘግበውስ? ሴቶቹ። ማንም እንዲህ አድርጉ ብሎ አላዘዘንም። ዘንድሮ ራሴን ስጠብቅ ሰንብቼ አንድ ቀን ያዝሁት፤ ገና መምህሩ «ጀምሩ» ሳይሉ ብዕር ያነሣሁት እኔ ነኝ! በሰው ቦርሳ ላይ የፈረደችው እጅ በራሷም ላይ ፈርዳ ኖራለች። ያን ጊዜ የእነዚያ ሕፃናት ነገር ገባኝ።

የአፍ መፍቻ ቋንቋው ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ወይም ጋሞኛ የሆነ ጓደኛችን በአማርኛ ሲናገር አንድ ቃል ቢስት እንሥቃለን። «ለጨዋታ ነው፤ ክፉ አሳብ የለንም» እንላለን፤ እውነት ነው፥ ክፉ አሳብ የለንም። ነገር ግን ሁለትና ሦስት ቋንቋ በሚያውቀው ላይ የምንሥቀው አንድ ቋንቋ ብቻ የምናውቅ እኛ ነን። ያ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ መልሱን እያወቀ እጁን ሳያወጣ ይቀራል፤ መምህሩም «ይህ ልጅ አያጠናም» ብለው ያስባሉ። እንዲህ እያለ አንዱ ፍርድ ሌላውን ፍርድ ይወልዳል።

በእግሩ የሚያነክሰውን ጓደኛችንን ለኳስ ጨዋታ ቡድን ስንከፍል አንጠራውም። «እንዳይከብደው» ብለን ነው። ከብዶት እንደሆነ ግን ጠይቀነው አናውቅም። ርኅራኄም ሳይጠይቅ ከወሰነ ፍርድ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ሦስት ዓይነት ተቃውሞ ሰምቻለሁ።

አንደኛው «እኔ ልቤ ንጹሕ ነው፤ ይህ እኔን አይመለከትም» የሚል ነው። ለዚህ መልሴ አጭር ነው፤ የእኔም ልብ ንጹሕ ነበር። ንጹሕ ልብ ቢበቃ ኖሮ ያን ቀን ከፊተኛው ረድፍ በጀመርሁ ነበር።

ሁለተኛው «የሰው አእምሮ ፈጥኖ መፍረዱ ተፈጥሮ ነው» የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው። መኪና ሲመጣብን «ይህ ምንድን ነው?» ብለን ስንመራመር ብንቆም አንተርፍም። አእምሮአችን ሁልጊዜ አብረው ያያቸውን ነገሮች እያያያዘ ያስቀምጣል፤ ጊዜ ሲያጥረውም ከዚያው ያወጣል። ነገር ግን ስለ መኪና የሚጠቅመን ፍጥነት ስለ ሰው ሲሆን ይጐዳል። ረኀብም ተፈጥሮ ነው፤ ሆኖም የሰው ምሳ ነጥቀን አንበላም። ተፈጥሮ መሆኑ ምክንያት ይሆነናል እንጂ ፈቃድ አይሆነንም።

ሦስተኛው «ይህ ከውጭ አገር የመጣ ወሬ ነው፤ በእኛ ዘንድ የለም» የሚል ነው። በእኛ ዘንድ ባይኖር ኖሮ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ ባላስፈለገ ነበር። ከንፈሩ የተሸረፈውም ሲኒ ለብቻው ባልተቀመጠ ነበር።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ልባችንን እናንጻ ማለት መልካም ነው፤ ዘመን ግን ይፈጃል። እስከዚያው ድረስ እጃችንን የሚይዝልን ሥርዓት ያስፈልጋል። በአሜሪካ የታወቁ የሙዚቃ ኦርኬስትራዎች፥ ከ1970ዎቹ ወዲህ እየበዙ፥ አዲስ ተጫዋች ሲመርጡ በተፈታኙና በፈታኞቹ መካከል መጋረጃ መጋረድ ጀመሩ። ፈታኞቹ ዜማውን ይሰማሉ፤ ሰውየውን አያዩም። በአንዳንድ ሥፍራም የሴት ጫማ ኮቴ እንዳይለይ ብለው ወለሉ ላይ ምንጣፍ አነጠፉ። በ1970 ከታወቁት አምስቱ ኦርኬስትራዎች ተጫዋቾች መካከል ሴቶቹ ከመቶ 5 አይሞሉም ነበር፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ከመቶ 25 ደረሱ። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ መጋረጃው ብቻ ነው አልልም፤ በዚያ ዘመን ሙዚቃ የሚማሩ ሴቶችም በዝተዋል። ነገር ግን መጋረጃው አንድ ትሕትና አለበት፤ ፈታኞቹ «እኛ ራሳችንን አናምንም» ማለታቸው ነው።

መምህራችን «በተራ» ያሉኝ ቃል መጋረጃ ነበር። ከፊተኛው ረድፍ ጀምሬ በተራ ብሄድ ኖሮ እጄ የምትፈርድበት ፋታ ባላገኘች ነበር። ያ ልጅም ቦርሳው ቢፈተሽ እንደ ሌላው ሁሉ በተራው ነውና አይቀየምም ነበር። እኔ ግን ሥርዓቱን ጥሼ ልቤን ተከተልሁ፤ ልቤም አሳሳተኝ። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን የሚከተሉትን ሐሳቦች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ በድርሰትና በጽሑፍ ፈተና ወረቀቶች ላይ ከስም ይልቅ ቍጥር ይጻፍ፤ ስሙ ከታረመ በኋላ ይታይ። ይህንን የምለው መምህራኖቻችንን በመጠርጠር አይደለም፤ ራሴን ካወቅሁ በኋላ ማንም ሰው ከዚህ ነጻ ነው ብዬ ለማመን ስለተቸገርሁ ነው። ጥሩ ተማሪ ነው የተባለ ሰው ስሕተቱ «መዘንጋት» ይባልለታል፤ ሰነፍ የተባለው ግን ያው ስሕተት «አለማወቅ» ይሆንበታል።

ሁለተኛ፥ የቡድን ሥራ ሲከፈል በዕጣ ይሁን። እኛ ስንመርጥ ሁልጊዜ የምንመርጠው ከሰፈራችን የመጣውን ወይም የሚመስለንን ነው፤ አንዳንዶችም ሁልጊዜ ሳይመረጡ የሚቀሩ ናቸው። በቤተ ሙከራም መሣሪያ መያዝና መመዝገብ በየሳምንቱ በተራ ይለዋወጥ።

ሦስተኛ፥ ስለ ሰው ከመወሰናችን በፊት ሰውየውን እንጠይቅ። «ትጫወታለህ?» «ስምሽ በትክክል እንዴት ነው የሚጠራው?» «አንተስ ምን ትላለህ?» ለእነዚህ ጥያቄዎች ከአንድ ደቂቃ በላይ አያስፈልግም።

አራተኛ፥ ፈጥነን በፈረድን ጊዜ «ይህንኑ ያደረገው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲህ አስብ ነበርን?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። ይህንን ልማድ ለማድረግ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»።

የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ፤ እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጆቻችሁን «ሰው ሁሉ እኩል ነው» ብላችሁ እንደምታስተምሩ አውቃለሁ። ነገር ግን ከአፋችሁ ይልቅ ነጠላችሁንና ሲኒያችሁን እናያለን። ይህንን የቦርሳ ታሪክ ለእናቴ በነገርኋት ምሽት ተነሥቼ የዕቃ ቁም ሣጥኑን ብከፍት፥ በቤታችንም ከሌሎቹ ተለይቶ በታችኛው መደርደሪያ የተቀመጠ አንድ የተሸረፈ ሲኒ አገኘሁ። «እማዬ፥ ይህ የማን ነው?» አልኋት። እናቴ መልስ ልትሰጠኝ ጀመረችና ዝም አለች። ዛሬ ያ ሲኒ በቤታችን የለም። የት እንዳደረገችው አልጠየቅኋትም።

አያቴን ግን አልወቅሳቸውም። አሁን በሕይወት የሉም፤ ነጠላቸውን ያለበሱኝ ሊጠብቁኝ ብለው ነው፤ እርሳቸውም ከእናታቸው ያዩትን ነው ያደረጉት። ይህ ነገር ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የመጣ እንደ መሆኑ መጠን፥ አንዱ ትውልድ ተቀብሎ ለሚቀጥለው ማቀበሉን ካልተወ መጨረሻ የለውም። እኛ እንተወው።

የክፍሌ ልጆች ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ በኋላ እኔና ያ ልጅ የልብ ወዳጆች ሆንን ብዬ ብጽፍ ጽሑፉ ባማረ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆናል። ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ በሒሳብ ትምህርት የከበደኝን እጠይቀዋለሁ፤ እርሱም ያስረዳኛል። ቦርሳውን ግን እስከ ዛሬ ድረስ፥ እኔ ባጠገቡ ሳልፍ፥ ወደ ራሱ ጠጋ ያደርገዋል። ይህንን የሚያደርገው አስቦ አይመስለኝም። የእኔ እጅ ሳታስብ ያደረገችው ነገር የእርሱንም እጅ ሳታስብ እንድትጠነቀቅ አስተምራታለች። የዚህ ዓይነቱ ፍርድ ዋጋው ይህ ነው።

ያን ዕለት በ62 ተማሪዎች ፊት አዋርጄው ሳለ ይቅርታ የጠየቅሁት በመንገድ ላይ ለብቻው ነበር። ይህ ተገቢ አልነበረም። በሰው ፊት የተደረገ በደል ይቅርታውም በሰው ፊት መሆን አለበት። ስለዚህ በዚህ መጽሔት ላይ፥ በክፍሌ ልጆች፥ በመምህራኖቼና በወላጆች ሁሉ ፊት፥ በደለኛዋ እኔ መሆኔን ገልጬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ሲወጣ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ «እኔም እጄን ያዝኋት» ብሎ ቢጽፍ ድካሜ በከንቱ እንዳልቀረ እቈጥረዋለሁ።